ወደ ሶዶ የተጫነው የመቃብር ድንጋይ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት የወንድሜን የመቃብር ድንጋይ ይዤ ነው። ጊዜው የሃምሳዎቹ አጋማሽ ሲሆን እኔም ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ዛሬ ጉልበቴ ቢደክምም መንገዱ አልተረሳኝም።

ወንድሜ ማቴዎስ አሥር አለቃ ነበር። ከሁምቦ በታች የወታደር መኪና ተገልብጦ ከጓዶቹ ጋር ሞተ፤ አብረውም ሶዶ፣ ከጦር ሰፈሩ አጠገብ ተቀበሩ። በዓመቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ድንጋይ ተተከለላቸው። በእያንዳንዱ ላይ ሐረግ የተጠመጠመበት የኦርቶዶክስ መስቀል ነበር። እኛ ግን የሚሲዮን አማኞች ነን። ማቴዎስ በሰፈሩ መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያነብ "የፈረንጅ ቄስ" እየተባለ ሲቀለድበት ኖሯል። ቁሞ ያልተወውን እምነት፣ ተኝቶ እንዲተው መደረጉ ልክ አልመሰለኝም። አዲስ አበባ ባለው የጦሩ ቢሮ ደጅ ስጠና ከርሜ አንድ ሹም፣ "ቁመቱ ከሌሎቹ እኩል ይሁን እንጂ የፈለግሽውን አስቀርጪ" አሉኝ። ጉለሌ ያለ ጠራቢ የተገለጠ መጽሐፍ ቀረጸልኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ድንገት ላስደስታት ብዬ ነው።

እስከ ሻሸመኔ

ድንጋዩን በጭድ ጠቅልለን ጨው በጫነ መኪና ላይ አወጣነው። ሾፌሩ ጋሽ ወርቁ ጎንበስ ብሎ ሲያግዝ ቆይቶ ወገቡን ያዘና ጠየቀኝ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ድንጋይ ነው።"

"ወደ ወላይታ ድንጋይ! ዳሞታ ተራራ አልቆ ነው?"

የመቃብር መሆኑን ስነግረው ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ፍጥነቱን እየቀነሰ ወደ ኋላ ዞሮ "ይቅርታ አሥር አለቃ!" ይል ነበር። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ዝዋይ ሐይቅ ስንደርስ ግን እኔም አብሬው መሳቅ ጀመርኩ። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በቅጠል አቀረቡልን። የምሄድበት ጉዳይ የሐዘን ቢሆንም ልቤ እንደ ተማሪ ይዘል ነበር። ያሰብኩት ሲሳካልኝ የመጀመሪያዬ ነበርና። ሻሸመኔ አደርን።

ሶዶ

ከሻሸመኔ ወደ ምዕራብ ያለው መንገድ አፈር ነው። ከሰዓት በኋላ ዳሞታ ደመና ተከናንቦ ከፊታችን ሲቆም ድካሙ ሁሉ ለቀቀኝ። ግራና ቀኙ እንሰት፣ ከእንሰቱ መሐል የሣር ቤት፣ መንገዱ ላይ ከገበያ የሚመለስ ሰው። ጋሽ ወርቁ ድንጋዩን እናቴ ደጅ ድረስ አደረሰልኝ።

እናቴ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ቀቅላ፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ ከዳጣ ጋር አቀረበች። ጋሽ ወርቁ ዳጣውን እንደ ወጥ አጥቅሶ ጎረሰና ዓይኑ እንባ ሞላ። "እማማ፣ ይሄ ምግብ ነው ወይስ ቅጣት?" ሲላት ሳቀች። ሳቋ ሳይበርድ ጭዱን ገለጥኩላት።

ድንጋዩን አየችው፤ እጇን ግን ወደ ኋላዋ ደበቀች። በወላይትኛ፣ "ድንጋይ ማን ጠየቀሽ?" አለችኝ።

"መስቀሉን ላስነሳለት ብዬ ነው እማዬ። እይው፣ መጽሐፍ ነው።"

"መስቀሉን መንግሥት ነው የተከለው፤ እኔ አልተከልኩም። ይሄን ግን እኛ ልንተክለው ነው። አባትሽ ከማመኑ በፊት ለአያትሽ መቃብር ምን ያደርግ እንደነበር ረስተሻል?"

አልረሳሁም፤ ያላሰብኩት ነው። ድሮ በአባቶች መቃብር ላይ ይታረድ፣ ይለመን ነበር። ወላጆቼ ሲያምኑ ያንን በሰው ፊት ትተዋል። የኛ አማኞች መቃብር ላይ ሣር እንጂ ድንጋይ የማይታየውም በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ተቀምጬ የማቴዎስን እምነት ላስከብር ስሮጥ፣ እምነቱ የከለከለውን ነገር ጭኜ መጥቻለሁ። እናቴ እንቢ ካለች ድንጋዩን መትከል አልችልም፤ ካልተከልኩትም ወንድሜ በሌላ ሰው እምነት ምልክት ሥር ሊቀር ነው።

መቃብሩ ዘንድ

በማግስቱ እናቴ "መቃብሩን ልየው" ብላ ተነሳች። መስቀሉ ከተተከለ ወዲህ ሄዳ አታውቅም። የመካነ መቃብሩ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ከሩቅ ሲያዩን ቆባቸውን አስተካከሉ። ስለ ድንጋዩ ከአለቆቻቸው ሰምተዋል።

"መጽሐፍ ነው አሉኝ። ረድፌን እንዳታበላሺብኝ ብቻ! እነዚህ ልጆች ሰልፍ ላይ ናቸው።"

እናቴ በገበያ አማርኛዋ መለሰችላቸው። "ልጄ ሰልፍ ጨርሷል። ተኝቷል።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ይሄ ያመጣሽው ለእሱ ነው ወይስ ለሚያልፈው ሰው?"

"ለሚያልፈው ነው። እሱማ አያየውም።"

"ለሚያልፈው ከሆነ ይተከል። ግን ቅቤ የሚቀባው፣ ምግብ የሚያስቀምጥለት እንዳይኖር። " ወደ ሃምሳ አለቃው ተመልሳ፣ "አንተ ትጠብቃለህ?" አለቻቸው።

"በቃሌ፣ እማማ!" አሉ ሃምሳ አለቃው፤ ሰላምታም ሰጧት።

ወዲያው ሥራ ተጀመረ። የሰፈሩ ወታደሮች ድንጋዩን ከእናቴ ደጅ አመጡ፣ የመስቀሉን ድንጋይ ነቅለው ቆፈሩ፣ ሃምሳ አለቃው ገመድ ወጠሩ፣ በአንድ ዓይናቸው እያነጣጠሩ "ወደ ግራ! ትንሽ! አይ፣ በዛ!" ይጮሁ ነበር። ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እናቴ ግን አጠገቡ ያለውን መቃብር ትመለከት ነበር።

"ይሄስ የማን ነው?"

"የወታደር ሁሴን ነው። ያላባ ልጅ ነበር፤ ሙስሊም።"

"ታዲያ መስቀሉ?"

"ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ መጣ እማማ። እኔ ተከልኩ።"

እናቴ ነጠላዋን አጠበቀች። "አንቺ ቢሮውን ለምደሻል" አለችኝ። "የዚህስ እናት መጥታ ብታይ?"

በመልስ ጉዞ አላባ

በአውቶቡስ ስመለስ አላባ ቁሊቶ ወረድኩ። የገበያ ቀን ስለነበር ቀይ በርበሬ መሬቱን አልብሶት ሰዉ ሁሉ ያስነጥሳል። ሃምሳ አለቃው እንደነገሩኝ የሁሴን አባት አቶ ኑሪ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። በመንገድ ላይ ሳለሁ ጨረቃና ኮከብ በልቤ ስዬ ጨርሼ ነበር፤ ጠራቢውም ሳይቀር ታይቶኛል። ሆኖም አፌን ያዝኩና መጀመሪያ ጠየቅኋቸው።

"ምን ምልክት ይሁንለት?"

አቶ ኑሪ ከቀብሩ በኋላ ሶዶ ሄደው አያውቁም፤ ስለ መስቀሉ የሰሙት ከእኔ ነው።

"እኛ መቃብር አናሳምርም፣ ልጄ። መስቀሉ ይነሳ። ስሙን ጻፉለት፣ ይበቃል።"

"ጨረቃስ?"

"ጨረቃ ሰማይ ላይ አለች። ከዚያ ማን ያወርዳታል?" አሉና ፈገግ አሉ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ያለቅሱ ነበር። ሲወጡ ግን ስለ ድንጋይ አልጠየቁኝም፤ "አጠገቡ ያለው ማን ነው?" አሉኝ። "ወንድሜ" አልኳቸው። እጄን ይዘው እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ።

አዲስ አበባ

ቤቴ ገብቼ አቧራዬን አራግፌ በማግስቱ ቢሮ ሄድኩ። ሹሙ ሲያዩኝ መነጽራቸውን አወለቁ።

"መስቀል ነበር፣ መጽሐፍ አልሽ። ዛሬስ ምን ሊሆን ነው?"

"ምንም።"

"እንዴት ምንም?"

"የሌላ ሰው ድንጋይ ነው። ስሙ ብቻ ይጻፍበት። አባቱን ጠይቄ ነው የመጣሁት።"

"ለ‘ምንም’ ፈቃድ ሲጠየቅ ገና ዛሬ አየሁ" ብለው ሳቁ፤ ጸሐፊያቸውንም ጠሩ።

በዚያ ጉዞ የተማርኩት ይህ ነው፤ ለሰው ከመቆም በፊት ሰውየውን መጠየቅ። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ የሟቹን ስም ሲጠይቀኝ፣ የአባቱንም ጨምሬ ቀስ ብዬ ነገርኩት፤ አንድ ፊደል እንዳይሳሳት።