ሳይደርቅ የወጣ ሙጫ

ሥራ በገባሁበት ቀን የሙጫ ክፍሉ ፎርማን ጋሽ ሞላ በር ላይ አስቆሙኝና፣ «ነጠላሽን እዚያ ሚስማር ላይ ስቀይው። አንዲት ክር ሙጫው ውስጥ ከገባች ራዲዮው ሲያጉረመርም ነው የሚኖረው» አሉኝ። ከዚያ ነጭ ጋዋን አልብሰው ገንዳው አጠገብ አቆሙኝ። ሽታው አናቴን ሲበጠብጠው፣ «ትለምጂዋለሽ፤ እኔን አሁን የሚሸተኝ ቤቴ ስገባ ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ፋብሪካችን ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ ከሚያወጣው መንገድ ዝቅ ብሎ ነበር። ደርግ ወርሶት የመንግሥት ሆኗል። ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሚሆን ማጣበቂያ እናመርታለን። የራዲዮ ድምፅ ማጉያ ወረቀትም እኛው እናጣብቅና ማድረቂያ ክፍል አቆይተን ለመገጣጠሚያው ድርጅት እንልካለን።

ማድረቂያ ክፍሉ በናፍጣ የሚሞቅ ነው። ጋሽ ሞላ እያንዳንዱን ማጉያ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጥፍራቸው መታ ያደርጉታል። ድምፁ ካላማራቸው ይመልሱታል። ሲመልሱብኝ እናደድ ነበር። ግን በእጃቸው ያለፈ ዕቃ ተበላሸ ተብሎ ሲመጣ አላየሁም።

አንድ ክረምት ናፍጣ ጠፋ። ለጦር ግንባር ነው ተባለ፤ ማንም ደግሞ አልጠየቀም። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ማድረቂያ ክፍላችን ገብቶ ተኛ። ሙጫው ቢቆይም አይደርቅም፤ ጣት ላይ ይለጠጣል። በዚያው ሰሞን ለአብዮቱ በዓል ለየቀበሌው ራዲዮ ይታደል የሚል ትእዛዝ መጣ።

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ሽመልስ ካድሬ ነበር። ስብሰባ ጠራን።

«ጓድ ሞላ፣ ማጉያዎቹ ለምን አልወጡም?»

«ክረምት ነው ጓድ። ናፍጣ ካልመጣ አይደርቅም።»

«ጠላት ክረምት ነው ብሎ አይጠብቀንም!»

«የጠላትን እንጃ። እኔ የማውቀው ሙጫውን ነው።»

ሳቃችን አመለጠን። ጓድ ሽመልስ አልሳቀም። በማግስቱ ራሱ መጥቶ ማጉያዎቹን እንደረጠቡ አስጫናቸው። ጋሽ ሞላ ከመኪናው ኋላ ቆመው፣ «ኧረ በማርያም ጓድ፣ ይላቀቃል!» ቢሉት፣ «ማርያምን እዚያው ሄደህ ለምናት» ብሎ እንጦጦን በጣቱ አሳያቸው።

የበዓሉ ቀን አዲሱ ገበያ አጠገብ ባለው ቀበሌያችን ተሰብስበን በታደለን ራዲዮ የአገሪቱን መሪ፣ የጓድ ሊቀ መንበሩን ንግግር እናዳምጣለን። መሀል ላይ የሊቀ መንበሩ ድምፅ ጣሳ ውስጥ እንደገባች ዝንብ ጢዝ ይል ጀመር። የማጉያው ወረቀት ተላቅቆ ነው። አንዱ ሳቁን በሳል ደበቀ። እኔ ግን ጋሽ ሞላን አሰብኩ።

ታጣቂዎች ጋሽ ሞላን ከፋብሪካው ሊወስዷቸው ሲመጡ ጓድ ሽመልስ «አሻጥር ነው» አለ እንጂ ማን እንዳስጫነው አልተናገረም። እኛም ትንፍሽ አላልንም፤ ሰዎቹ ጠመንጃ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ጋሽ ሞላ ጋዋናቸውን አውልቀው ሰጡኝና፣ «የገንዳውን ክዳን ግጠሚ ልጄ፣ ላይ ላዩ ይደርቅብናል» ብለውኝ ወጡ።

ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ በየቀኑ ስንቅ ይዘው እስር ቤት ይመላለሱ ነበር። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ዘበኛው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላቸው።

«ከእንግዲህ አያምጡ» አላቸው።

«ወዴት ወሰዳችሁት ልጄ?» አሉት። ዘበኛው ከኋላችን የቆመችውን ሴት ስንቅ ተቀበለ። ለቅሶ መቀመጥ እንኳ አልተፈቀደላቸውም።

ናፍጣው በዚያው ሳምንት መጣ። ጓድ ሽመልስ የጋሽ ሞላን ቦታ ለእኔ ሰጠኝ፤ እምቢ ማለት የሚቻልበት ጊዜ አልነበረም። ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ። ሥራዬን የወደድኩት ግን እስከዚያ ክረምት ድረስ ብቻ ነው።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምላችሁ ይህን ነው፤ ያልደረቀ ሙጫ ከክፍላችሁ አይውጣ። ጋሽ ሞላ ይህን ከማናችንም በላይ ያውቁ ነበር። አልጠቀማቸውም።