የአራቱ ዜማ

መምህር ደገፉ በሶዶ ከተማ በሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ለአሥራ አንድ ዓመት መርቷል። ቀን እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ከሥራ ሲወጣ መዝሙር ያስጠናል። ከሰው የደበቀው አንድ ነገር ግን ነበረው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ ኦቶና ሆስፒታል ትሠራ የነበረችን አንዲት የውጭ አገር ነርስ ወላይትኛ ያስተምራት ነበር። ወደ አገሯ ስትመለስ አንድ የእንግሊዝኛ ዘፈን ካሴት ሰጠችው። የዘፋኞቹ ስም ከሽፋኑ ላይ ስለተፋቀ ደገፉ «አራቱ» ይላቸዋል። ጊታርና ከበሮ አላቸው፤ ጉልበታቸው ግን ጉሮሯቸው ነው። አንዱ ከታች እንደ ምሰሶ ተተክሎ ይይዛል፣ ሁለቱ መሐል ላይ ይደጋገፋሉ፣ አራተኛው ሊያለቅስ የደረሰ በሚመስል ቀጭን ድምፅ ከላይ ይንሳፈፋል። ስመ ጥር ያደረጋቸው ዘፈን ስለ አንድ የባሕር ዳር መንደርና ተበትነው ስለቀሩ የልጅነት ጓደኞች ነው። ደገፉ ባሕር አይቶ አያውቅም። ሆኖም ዘፈኑን በሰማ ቁጥር በትውልድ መንደሩ በሃላሌ አብረውት ያደጉት ልጆች ፊቱ ላይ ድቅን ይሉበታል።

የሚሰማው በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ ነበር። የመዘምራን መሪ ዓለማዊ ዘፈን ሲሰማ ቢገኝ ምን ይባላል?

በ1990 ዓ.ም. ለትንሣኤ በዓል አዲስ መዝሙር ተፈለገ። ግጥሙን ጻፈ፤ ዜማው ግን እምቢ አለው። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው የአራቱን ዜማ አለበሰው። ሲዘመር ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አለቀሰ። አንድ ሽማግሌ ማይክሮፎኑን አቀበሉትና፣ «ወንድም ደገፉ፣ ይህን ዜማ ከየት አገኘኸው?» አሉት።

«በጸሎት ላይ ሳለሁ... ጌታ ሰጠኝ።»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

መዝሙሩ በየአጥቢያው ተዛመተ። በዚያው ክረምት የመዘምራኑ አባል የሆነችው የአስናቀች ባል ሞተ። መዘምራኑ ቀብሩ ላይ ያንኑ ዘመሩ፤ እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ አብራ ዘመረች። በሦስተኛው ቀን፣ «ጌታ ይህን መዝሙር ለእኔ ብሎ ነው የሰጠህ» አለችው። ደገፉ አቀርቅሮ ጫማውን ጫማውን አየ።

በዓመቱ መዘምራኑ ገሱባ ከተማ አገልግለው በኪራይ ሚኒባስ ሲመለሱ፣ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ። የአራቱ ዘፈን መጣ። መዘምራኑ ዜማውን ወዲያው ለዩት።

«ሰማችሁ?» ብሎ ጮኸ ባሮክ የሚባለው መዘምር። «ፈረንጆቹ መዝሙራችንን ሰርቀውናል!»

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ፤ በሬዲዮው ላይም የራሳቸውን ግጥም ይዘምሩበት ጀመር። «ቲቸር፣ ፍርድ ቤት እናቁማቸው!» ሲሉት ደገፉም አብሯቸው ሳቀ። ከውሸቱ ይልቅ ለራሱ ይቅር ያላለው ይህን ሳቅ ነው። አስናቀች ብቻ አልሳቀችም። ፊቱን አየችው፣ ከዚያም ወደ መስኮቱ ዞረች።

ረቡዕ በልምምድ ሰዓት መዘምራኑን አስቀምጦ ሁሉንም ተናገረ። የተቆጣው የለም፤ አንድ በአንድ የመዝሙር ደብተራቸውን አንሥተው ወጡ። ሽማግሌዎቹ ስድስት ወር ከአገልግሎት አገዱት። ገበያ ሲሄድ እንኳ በጓሮ መንገድ መሄድ ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ አስናቀች ቤቱ መጣች። አልቀመጥም አለች።

«እስቲ ክፈትልኝ፤ የእነሱን።»

ከፈተላት። በሩ ላይ እንደቆመች እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ምን እያሉ ነው?»

«አብረውን የነበሩት ወዴት ሄዱ ነው የሚሉት።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይህን ብትነግረኝ ኖሮ እኮ ያው አለቅስ ነበር፣ ደገፉ። ጌታ ሰጠኝ ያልከኝ ለምንድን ነው? ባሌን የሸኘሁት እኮ በዚያ መዝሙር ነው።»

«አፍሬ ነው» አላት። «መጀመሪያ ዘፈኑን በመውደዴ አፈርኩ፤ ኋላ ደግሞ በውሸቴ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ካሴቱን ተውሳ ሄደች።

እገዳው ሲያበቃ ደገፉ ወደ መዘምራኑ ተመለሰ፤ መሪነቱን ግን እምቢ አለ። እስከ ዛሬ ከኋላ ረድፍ ቆሞ፣ ከታች ያለውን ድምፅ ይይዛል።