«እግዜር ይወቀው» የተባለው ገብስ

ካዛንቺስ፣ ከፈረሰው ሰፈር ማዶ አንድ ፎቅ ላይ የዘር ፕሮጀክት መረጃ አጣሪ ነኝ። ሥራችን ሲወራ ያምራል፤ ድሮ ከገበሬው ተሰብስቦ በጂን ባንክ ማቀዝቀዣ የተቀመጠውን ገብስ ዘረመሉን በማሽን ማስነበብ፣ ድርቅ የሚችለውን መርጦ ለገበሬው መመለስ።

አለቃችን ውጭ አገር የተማረ ወጣት ዶክተር ነው። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ በላቲን ፊደል ከተገለበጠው መዝገብ «እግዘርይውከው» ብሎ አነበበ።

«ይሄ ዝርያ ተወዳጅ ነው፤ ሸዋም ወሎም ተመዝግቧል። ስሙ አንድ ስለሆነ የሸዋውን እናስነብብና የወሎውን እንሰርዛለን።»

የወሎው የአገሬ ወረዳ ገብስ ነው። እዚያ ዘሩ ከጠፋ ቆይቷል፤ ገበሬው ወንድሜ ዝናብ ባጠረ ቁጥር የሚያነሳው እሱን ነው። ከዝርዝሩ ከተሰረዘ ወደ ገበሬው አይመለስም።

የአምላክን ስም በዋዛ ማንሳት ስለምፈራ ትንሽ አመነታሁ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ የገብስ ስም አይደለም። ሰብሳቢው ‹ምን ይባላል?› ሲል ገበሬው ‹እግዜር ይወቀው› ብሎት ነው።»

«እትዬ፣ ማለቴ፣ ሲስተም ውስጥ ገብቷል እኮ» አለ። ወደ ባልደረቦቼ ዞሮም፣ «ቂርቆስ ማስቀደስ ሲያበዙ ገብሱም ጸሎት ሆነባቸው» ብሎ አሳቃቸው።

እኔም ከፋይሌ የወሎውን ዋና ቅጽ አውጥቼ አስቀመጥኩለት። በእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ፦ የእህሉ ስም፣ እግዜር ይወቀው። የገበሬው ስም፣ ለምን ፈለግኸው።

ዶክተሩ አገላብጦ አየው። «‹ለምን ፈለግኸው› የሚባል ሰው ሊኖር ይችላል» አለ፤ ድምፁ ግን ሳሳ።

የወሎው ሳይሰረዝ ሁለቱም ተነበቡ። አማርኛ የማያውቀው ማሽን ከዶክተሩ ይልቅ ገባው፤ ገብሶቹ ዝምድናቸው የሩቅ ሆኖ ተገኘ፣ የወሎው ደግሞ ቶሎ ደራሽ። ከወር በኋላ ዶክተሩ ሆቴል ውስጥ ለእንግዶች «ጥንቃቄ የተሞላበት የመረጃ ማጣሪያ ስልታችን» ሲል፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሻዬን እጠጣ ነበር።

ዘሩ ለወረዳችን ሲፈቀድ ለወንድሜ ደወልኩ።

«ስንት ኩንታል ነው?»

«እፍኝ ነው። አንተ ታባዛዋለህ።»

«እህት ዓለም፣ ያን ሁሉ ዘመን ፎቅ ላይ ተቀምጣችሁ እፍኝ?»

«ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውም ከዚያ ብዙ አይበልጥም» አልኩት።

«ለማንኛውም ላኪው» አለ። «ዶሮ የማይደርስበት መደብ አዘጋጃለሁ።»