የእማማ ለተብርሃን እግር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቱንም ጾም መግደፉንም ከዘረዘርኩ በኋላ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። እናንተ አታውቁኝምና ለእናንተ ልናገረው።

ናይሮቢ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አስተርጓሚ ነበርኩ። የእኛ ስኳር ሕመምተኞች እዚያ ይበዙ ነበር። የአገሬው ሰው ኢንሹራንስ ስላለው በቀጠሮ ይታከማል፤ ወረቀቱ ያላለቀለትን ሀበሻ ግን የስኳር ክሊኒኩ አይቀበለውም፤ ሲብስበት ድንገተኛ ክፍል ይመጣል። ይህን እያወቅኩ፣ አንድ ጠዋት የክፍሉ ተረኛ ነርስ ሰው ፊት፣ «እናንተ ሰዎች ለትንሹም ለትልቁም እዚህ ነው የምትሮጡት» ስትለኝ አፈርኩ። በእሷ ሳይሆን በወገኖቼ አፈርኩ።

ወዲያው እማማ ለተብርሃን መጡ። ሳውዝ ሲ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው፤ አማርኛን አስመራ ተማሪ ሳሉ የለመዱ ኤርትራዊት። ወረፋው ላይ ጠጋ ብለው፣ «እግሬ ቆስሎ ሸቷል ልጄ፤ ካልሲዬን ማውለቅ አፈርኩ» አሉኝ። ሰማሁ፤ ጥርት አድርጌ ሰማሁ።

ነርሷ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀች። እማማም እንደ ወጋችን፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ። ይህ የሰላምታ መልስ እንጂ የሕመም መልስ እንዳልሆነ የእኛ ሰው ማን ያጣዋል? ሊሞት የሚያጣጥረውም መጀመሪያ ይህንኑ ነው የሚለው። እኔ ግን «ደህና ነኝ ይላሉ» ብዬ በስዋሂሊ ተረጎምኩ። ስለ እግራቸው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ለምን? ነርሷ እንድትወደኝ ብዬ። እሳቸው ሁሉን የነገርኩላቸው መስሏቸው ኪኒናቸውን ይዘው ወደ ቤት ሄዱ።

በሳምንቱ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ሐኪሙ፣ «ምነው ቀደም ብለው ቢመጡ» ሲል፣ መጥተው ስለ እግራቸው እንደነገሩኝ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ያንንም ዋጥኩት።

እማማ ዛሬም በሕይወት አሉ። ቢሞቱ ይሻለኝ ነበር ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ፤ እንግዲህ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ባዩኝ ቁጥር፣ «አንቺ ባትኖሪ ማን ይናገርልኝ ነበር» እያሉ ይመርቁኛል። እኔ ምርቃቱን አሜን እያልኩ እቀበላለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ፈራሁም፣ ልጅ ነበርኩም አልል። አሁን የቀረው እግራቸው ቆስሏል፤ ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ፤ ከእኔ ሌላ አስተርጓሚ አልፈልግም ብለዋል። ያን ቀን ያደረግኩትን ብነግራቸው እኔን ትተው ያለ አንደበት ብቻቸውን ይገባሉ። ባልነግራቸው አምነውኝ ይገባሉ። የቱ እንደሚብስ አላውቅም።