ለደንብ አልነሳም

የተባረርኩት በመቀመጤ ነው። ሌላው ሰው ሰርቆ ይባረራል፣ ሰክሮ ይባረራል፤ እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ።

ሐረር ውስጥ በአንድ ሹም ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ይሉናል እንጂ ገልባጮች ነን። ዳዊት ሳልጨርስ ከየኔታ ጋር ተጣልቼ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ያለኝ ጥሩ የእጅ ጽሕፈትና መጥፎ ምላስ ነው።

ወጋችን እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ አዋጅ ሲመጣ ሹሙ ያነባሉ፣ እኛ ተነስተን እንሰማለን፤ የንጉሥ ቃል ነዋ። ከዚያ ሹሙ ራሳቸው በአዋጁ ሥር ደንብ ያወጣሉ። እሱንም ሲያነቡ እንነሳለን። ቆሞ የሰማ ተቀበለ ማለት ነው፤ ማን ይጠይቃል? እንገለብጣለን፣ ማኅተም ይመታል፣ ነጋሪት ይጎሰማል፣ አለቀ።

አንድ ክረምት ግን አዲስ አበባ ካለው ከአዲሱ ምክር ቤት አንድ መምህር መጣ። ምክር ቤቱ ‹በየአገሩ የሚወጣው ደንብ ቅጂው ይድረሰኝ› ብሏል፤ እኛን ሊያሠለጥን ነው። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። አዋጁን በግራ፣ ደንቡን በቀኝ ዘረጋ።

«ይሄ እናት ነው፣ ይሄ ልጅ» አለን። «ደንቡ አንድ ነገር ባዘዘ ቁጥር፣ ያንን የፈቀደውን ቃል አዋጁ ላይ በጣታችሁ ንኩት። ጣታችሁ ማረፊያ ካጣ ብዕራችሁም ይቁም።»

አጠገቤ የሚቀመጡት ሽማግሌ ጸሐፊ ግራ ገባቸው። «እኛ ፊደል እንዳንጥል ነው እንጂ፣ ጌታ ያዘዘውን እንመረምራለን እንዴ?»

«አባቴ፣ ለአዋጁ ይነሱ። ለደንቡ ግን ቁጭ ይበሉ። ደንብ ቁጭ ተብሎ ነው የሚመረመር።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! የድሮ ደንቦች እያወጣን ስንፈትሽ ስንቱ እናት አልባ ሆኖ ተገኘ። ስንቱን በዚህ እጄ ገልብጬዋለሁ፤ ተናደድኩ።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ሹሙ አዲስ የገበያ ደንብ ይዘው ገቡ። ሁሉም ብድግ አለ። መጀመሪያ የተነሳው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? መምህሩ! እኔም ልነሳ ጉልበቴን ይዤ ነበር። ሹሙ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «ጭነት ይዞ በኤረር በር የገባ አህያ ይወረሳል።»

ጉልበቴን ለቀቅኩት።

ቤታችን በኤረር በር በኩል እንጨት የምታመጣ አሮጊት አለች፣ ከድሬ ጠያራ መንደር። «አዮ» እላታለሁ፤ በመንደሯ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ልጅ የላት፣ ወንድም የላት፤ አንድ አህያ ነው ያላት። እሱን ከወሰዱባት እንጨቱን የሚሸከመው የእሷ ጀርባ ነው።

«አንተ! እግርህን አመመህ?» አሉኝ ሹሙ።

«እግሬ ደህና ነው ጌታዬ። ጣቴ ነው፣ ማረፊያ ያጣው።»

ሽማግሌው እጅጌዬን ጎተቱ። «ተነስ አንተ! እኔንም ታስፈጀኛለህ!»

«አዋጁ ‹ሹም የገበያውን ቦታ ይወስን› ይላል» አልኩ። «አህያ ውረስ የሚለው የቱ ጋ ነው? ያሳዩኝና ሁለቴ እነሳለሁ።»

ሹሙ ወደ መምህሩ ዞሩ። «ይህን ባለጌ ነው ያሠለጠንክልኝ?»



«መምህር» አልኩት፣ «ጣትዎን ያውሱኝ።»

ላቡን ጠረገና መጣ። በጣቱ አዋጁን ከላይ ጀመረ፣ መስመር በመስመር። ክፍሉ በሙሉ ጣት ያያል። ገጹን ገለበጠ። ማኅተሙ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«የለም ጌታዬ» አለ። አለና ቁጭ አለ።

ሹሙ ጥርሳቸውን ነከሱ። ቅጂው ምክር ቤት እንደሚደርስ ያውቃሉ። ብዕሬን ከእጄ ነጥቀው የአህያውን መስመር ራሳቸው ሰረዙት። ከዚያ በሩን አሳዩኝ።

«አህያው ይግባ። አንተ ውጣ!»

ማታውኑ ሽማግሌው ቤት ድረስ መጡ። «ሄደህ ጉልበታቸውን ሳም፤ ይመልሱሃል።»

«ምን አጥፍቼ?»

«ማጥፋትማ አላጠፋህም። ግን ምን አለበት ብትስም?»

«እንግዲያው እርስዎ ይሳሙልኝ» አልኳቸው። እየረገሙኝ ሄዱ።

በገበያው ቀን ኤረር በር ላይ ነጋሪት ተጎሰመ፣ ደንቡ ተነበበ። ሰው ሁሉ ቆሟል፤ እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ዘበኛው በዱላው ጎሸመኝ።

«ተነስ፣ አዋጅ ነው!»

«አቦ ተወኝ፣ ደንብ ነው።»

አዮ አህያዋን እየነዳች በበሩ ስትገባ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። «ሰው ሁሉ ቆሞ አንተ ትቀመጣለህ? ሥራ የለህም?»

«የለኝም አዮ» አልኳት። «ሂጂ፣ ገበያው ሳይሞላ እንጨትሽን ሽጪ።»