የናፍታው ዘንግ

አባቴ የመኪናውን ናፍታ የሚለካው በእንጨት ነበር። ከግቢያችን ቡና ላይ የተቆረጠች፣ ልጣጯ የተላጠ፣ ክንድ ተኩል የምትሆን ቀጭን ዘንግ ነበረች። በቢላ የተቀረጹ አምስት ምልክቶች አሉባት። ምልክቶቹ ሊትር አይናገሩም፤ ከቤታችን ከሚዛን ተነሥቶ የሚደረስበትን አገር ነው የሚናገሩት። የታችኛው አማን፣ ቀጥሎ ሸኮ፣ ከዚያ ቴፒ፣ ከዚያ ጌጫ፣ የላይኛው ማጂ። ዘንጓን በታንከሩ አፍ ሰድዶ ያወጣታል፣ አውራ ጣቱን ከታች ወደ ላይ ያስኬዳል፣ እርጥቡ ያለቀበት ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ «ጌጫ ደርሰን እንመለሳለን» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ልጅ ሳለሁ እኔም እየሰደድኩ እለካ ነበር፤ ምልክቶቹን ዓይኔን ጨፍኜ አውቃቸዋለሁ።

ፒክአፑ በዕድሜ ይበልጠኛል። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ሁሉ የሞተ ነው። የፍጥነቱ መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል፣ የሙቀቱ መስታወት ተሰንጥቋል፣ የናፍታው ጌጅ ደግሞ ምንጊዜም ሙሉ ነው። «የኔ መኪና ጠግባ ነው የምታድረው» እያለ ይቀልድ ነበር። ሞተሩ መጋሉን በአፍንጫው፣ ፍጥነቱን በጆሮው ያውቃል። የነጋዴ ኮረሪማና ማር፣ አንዳንዴም ሙሽራ ይጭናል።

እናቴ ካረፈች በኋላ እኔ አስተማሪ ሆኜ ቴፒ ተመደብኩ፤ እሱ ሚዛን ብቻውን ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጭነት ኖረም አልኖረም ይመጣል። ቴፒ ሙዝ የጠፋ ይመስል ከሚዛን ሙዝ ይዞ ይመጣል። ምሳ እንበላለን፣ አልጋዬ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ጋደም ይላል፣ ዝናቡ ሳይመጣ ይመለሳል። ሳምንቱን የምገፋው ያቺን ቅዳሜ እየጠበቅሁ ነበር። ይህን ግን አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም።

እኔ የተበላሸ ነገር እያየሁ አላርፍም። ተማሪዎቼም፣ አባቴም በዚህ ያውቁኛል። አንድ ክረምት ከጅማ ሙሉ የጌጅ ስብስብ አስመጣሁና ሚዛን ያለ አንድ መካኒክ ሁለት ቀን ለፍቶ ገጠመው። አዲስ ሽቦ፣ አዲስ መስታወት፣ አዲስ መርፌ። ቁልፉ ሲዞር ሁሉም በአረንጓዴ መብራት ቦግ አለ። አባቴን ሾፌር ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳለፈ። «ይበራል» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቆንጆ ነው» አለኝ፣ በቀስታ። ደስታ ነው ያፈዘዘው ብዬ ኮራሁ።

ከዚያ ያቺን ዘንግ ከወንበሩ ስር አውጥቼ በአጥሩ ላይ አሻግሬ ወረወርኳት። «ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሰው ትነዳለህ» አልኩት። ስትወድቅ ድምፅዋን ወደ ሰማበት ዞረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምሳው ቀዘቀዘ፣ አባቴ የለም። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ በሰው የጭነት መኪና ጋቢና ተጭኖ፣ ብስብስ ብሎ መጣ። ፒክአፑ ሸኮን አልፎ ዳገቱ ላይ ናፍታ ጨርሶ ቆሟል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

«ጌጁ ዋሸኝ» አለ።

በመካኒኩ ተናደድኩ። በስልክ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አወረድኩበት፤ ምስኪኑ ሰውዬ በማግስቱ ጀሪካን ይዞ መኪናው ጋ ጠበቀን። ቁልፉን አዞረ። የናፍታው መርፌ ባዶው ላይ ተጋድሟል፣ ከጎኑ ቀዩ መብራት በርቷል። «ቲቸር፣ ጌጁ እኮ ትክክል ነው» አለኝ።

አባቴ ሾፌር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። «አባዬ፣ አሁን ስንት ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት።

አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ።

«ግማሽ» አለ።

መካኒኩ አየኝ። ጀሪካኑን አንስቶ ወደ መኪናው ኋላ ሄደና እዚያው ቀረ። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ፤ አውራ ጣቱ ለምን ዘንጓ ላይ ይሄድ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ትልቅ ትልቁ ይታየኛል። መንገዱን ደግሞ አውቀዋለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ቅዳሜን ትከለክይኛለሽ።»

መኪናውን መካኒኩ ነድቶ ሚዛን ግቢያችን ውስጥ አቆመው፤ እኔም አባቴን አማን ሆስፒታል ወሰድኩት። የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ መንዳት የሚባል ነገር ማቆም አለበት አሉን። የዚያኑ ቀን ቁልፉን ከእጁ ተቀበልኩ። አልታገለኝም። መንገዱ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚወጡበት፣ ሴቶች እንጨት ተሸክመው የሚያልፉበት ነው። ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም ልክ ነበርኩ እላለሁ። «ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ነኝ የምመጣው» አልኩት።

ያላከበርኩት ይህንን ቃል ነው። መጀመሪያ ሁለት ወር ሳላጓድል ሄድኩ። ከዚያ ፈተና ማረም መጣ፣ ከዚያ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው፣ ከዚያ ደግሞ እንዲሁ ደከመኝ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ» እለዋለሁ በስልክ። «ግድ የለም፣ ሥራሽን ሥሪ» ይለኛል። አንድ ቀን «ታዲያ አንተ በሚኒባስ አትመጣም?» ስለው «እኔ ሰው ስጭን እንጂ፣ ከዚያች ቀን በቀር ስጫን አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሾፌሮቹ ሁሉ በሚያውቁት መናኸሪያ ውስጥ የሚሳፈርበትን መኪና በእጁ እየዳበሰ ለመፈለግ አፍሮ ነው።

አባቴ ተኝቶ ሳለ አረፈ። ሦስት ቅዳሜ ሳልሄድ ቆይቼ በአራተኛው ለቀብሩ ሄድኩ።

አርባው ካለፈ በኋላ መኪናውን ለመሸጥ ያንኑ መካኒክ ጠራሁት። ባትሪ ይዞ መጣ። ቁልፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ዳሽቦርዱ እንደ መጀመሪያው ቀን ቦግ አለ፤ የናፍታው መርፌ ቀስ እያለ ተነሣና ከግማሽ ዝቅ ብሎ ቆመ።

«ማን ቀዳባት?» አለ መካኒኩ። «ስናቆማት እኮ ባዶ ለመሆን ትንሽ ነበር የቀራት።»

ጎረቤታችን አጥሩ ጋ ቆማ ታየን ነበር። «እሳቸው ናቸው» አለች። «ክረምቱ ሲገባ በጀሪካን አስመጥተው በገዛ እጃቸው ነው የቀዱት። ቢላም ከኔ ተውሰው ነበር።»

ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት። ከስሩ አንዲት ዘንግ አለች፤ አዲስ፣ ገና ነጭ፣ አላላጧ የተንሻፈፈ። በአውራ ጣቴ ከታች ጀምሬ ዳበስኳት። አንድ ምልክት ብቻ ነው ያለባት።

የታንከሩን ክዳን ከፍቼ ሰደድኳት። አውጥቼም እሱ እንደሚያደርገው ጣቴን አስኬድኩ፤ እርጥቡ ምልክቷ ላይ ሲደርስ አለቀ። ከፍታው የትኛው አገር እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። ቴፒ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ናፍታው እዚያው ነበር። ቁልፉ ደግሞ እኔ ቦርሳ ውስጥ።