የሁለተኛው ዲግሪ ሚስማር

ሶዶ ባለው ቤታችን፣ ሳሎን ውስጥ ከሶፋው በላይ ሦስት ትልልቅ ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ የታላቅ ወንድሜ፣ የእኔና የታናሽ እህቴ። ሦስታችንም ጥቁር ጋውን ለብሰናል፣ ሦስታችንም በቀይ ሪባን የታሰረ ወረቀት ይዘናል። ወረቀቱ ባዶ ነው፤ የፎቶ ቤቱ ንብረት ነው። ወንድሜ ይዞት የተነሣውን ነው እኔም ከአራት ዓመት በኋላ ይዤ የተነሣሁት።

ከእኔ ፎቶ በስተቀኝ ደግሞ ምንም ያልተሰቀለበት ሚስማር ነበረ። አባቴ የመታው የተመረቅሁ ዕለት፣ እንግዶች ገና ሳይወጡ ነው። «ይሄ ለሁለተኛው ነው» ሲል ሰው ሁሉ አጨበጨበ። በወንድሜና በእህቴ ፎቶ አጠገብ ሚስማር የለም። ለምን የእኔ ብቻ እንደሆነ ስጠይቀው «አንቺ ትችያለሽ» አለኝ። ምስጋናም አንዳንዴ ወገብ ይሰብራል።

አባቴ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ማስተማሩን ቤሌ ከተማ ጀምሮ፣ ዲምቱ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ሶዶ ጨረሰ። ትምህርቱንም እንዲሁ በየጣቢያው እየወረደ እየተሳፈረ ነው የተማረው፦ መጀመሪያ የመምህርነት ሰርተፍኬት፣ በክረምት ዲፕሎማ፣ ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ደግሞ እንደገና በክረምት ዲግሪ። እዚያ ላይ ደከመው። የቀረውን መንገድ ለእኔ ሰጠኝ፤ ምልክቱም ሚስማሩ ነው።

ሚስማሩ ስድስት ዓመት እንዲሁ ቆየ። እናቴ ባዶ ሚስማር አይታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። አንዴ የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ፣ አንዴ ዣንጥላ፣ አንዴ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ሰቀለችበት። አባቴ እያወረደ ወደ ጓዳ ይመልስላታል። እኔ ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው ሚስማሩ ላይ ዛሬ ምን እንዳለ ነበር።

የምሠራው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የሥራ መደቤ ስም ሁለት መስመር ይሞላል፤ ሥራው ግን በአብዛኛው ፕሪንተር የዋጠውን ወረቀት መጎተት ነው። «ኮምፒውተሬ ሞተ» ተብዬ ሁለት ፎቅ ወጥቼ ሶኬት ሰክቼ የወረድኩባቸውን ቀናት መቁጠር ትቻለሁ። ኔትወርኩ ሲበላሽ ግን እኔን የሚጠራኝ የለም። ከሌላ ከተማ አንድ ባለሙያ ይመጣል፤ ቁም ሣጥን የሚያህለውን የኔትወርክ ሣጥን ከፍቶ ሲሠራ እኔ ከኋላው ቆሜ የእጅ ባትሪ አበራለታለሁ። አንድ ቀን ምን ተምረህ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ዲግሪው ከእኔው ጋር አንድ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ የኔትወርክ ሰርተፊኬሽን ፈተና ማለፉን ነገረኝና «ትንሽ ወደ ግራ አብሪልኝ» አለኝ።

የዚያን ቀን በጣም ተናደድኩ። በእሱ አይደለም፣ በባትሪው ነው።

ከፊቴ ሁለት መንገድ ነበረ። ማስተርሱ እዚሁ ከተማችን፣ ቅዳሜና እሁድ የሚማሩት ነው፤ የደረጃ ዕድገት አለው፣ ጋውን አለው፣ ሚስማሩም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ሰርተፊኬሽኑ ደግሞ ቤት አጥንቶ፣ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ተፈትኖ መመለስ ነው። ምክር ፍለጋ ማስተርሱን ወደጨረሰው የቢሮ ባልደረባዬ ሄድኩ። ያገኘሁት ተንበርክኮ ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ፕሪንተር ውስጥ ገብቷል። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለምን እንደነበር በሚገባ አስረዳኝ፤ እጁን ማውጣት ግን አልቻለም። ተጋግዘን አወጣነው። ማስተርስ ለሌላው ሰው በጣም ጠቅሞ ይሆናል፤ እኔ ግን የዚያን ዕለት ወሰንኩ።

ለአባቴ መንገሩ ሌላ ፈተና ነበር። «ሰርተፍኬት?» አለ፣ መነጽሩን አውልቆ። «እኔ ከሰርተፍኬት የወጣሁት አንቺ ሳትወለጂ ነው።» ይሄኛው ሌላ ዓይነት መሆኑን፣ ከዲግሪ በኋላም እንደሚወሰድ ደጋግሜ አስረዳሁት። አስተማሪው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ራሴ ነኝ አልኩት። ክፍሉ የት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እዚሁ መኝታ ቤቴ አልኩት። ትንሽ አሰበና ጋውን ይኖረው እንደሆነ ጠየቀኝ። የለውም ስለው መነጽሩን መልሶ አድርጎ ወደ ግድግዳው ተመለከተ።

በሳምንቱ ታላቅ ወንድሙን ተበላ ከምትባለው ከተማ አስጠራው። አጎቴ የበቆሎ ነጋዴ ነው፤ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም፣ ግን «የተማረ ይግደለኝ» ከአፉ አይጠፋም። እናቴ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር አቀረበችለት፤ እየበላ የሁለታችንንም ክርክር አዳመጠ። ሲጨርስ የትኛው ቶሎ እንደሚደርስ ጠየቀ። ሰርተፊኬሽኑ መሆኑን ስነግረው፣ ዝናቡ አስቸጋሪ በሆነበት ዘመን ቶሎ የሚደርሰውን መዝራት ነው ብሎ ፈረደልኝ። አባቴ እንዲያግዘው ያስጠራው ሰው እኔን ማገዙ አልተዋጠለትም።

የአባቴ ኩርፊያ በጽሑፍ ነው። የማስተርስ ምዝገባ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ሄዶ፣ ቆሞ፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ገልብጦ ከምሳ ሰሃኔ ሥር ያስቀምጥልኛል። የምዝገባውን የመጨረሻ ቀን በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበታል። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ እበላለሁ። ላየኝ ሰው ደንታ የሌለኝ እመስል ነበር፤ ውስጤ ግን ሌላ ነው። ያን ፈተና ባልፍ እንኳ አባቴ ካልቆጠረው ለእኔም እንደማይቆጠርልኝ አውቅ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየሁትን ሚስማር ከዓይኔ ላይ ሊነቅልልኝ የሚችለው የመታው ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስፈተን ወደቅሁ። የማስተርሱም ምዝገባ አልፎ ነበርና ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ። የነገርኩት ለእናቴ ብቻ ነው። ምን ብላ እንደምትጸልይልኝ ቸግሯት የፈተናውን ስም ጠየቀችኝ፤ ነግሬያት ሊያዝላት ስላልቻለ፣ የኔትወርክ ገመድ የሚለውን ብቻ ይዛ «ያን የገመዱን ነገር» እያለች በወላይትኛ ትጸልይልኝ ጀመር። እግዚአብሔር የትኛው ገመድ እንደሆነ ያውቃል አለችኝ። እኔም እያንዳንዱን ገመድ እንደገና ከመጀመሪያው አጠናሁ።

ሁለተኛውን ለመፈተን ስሄድ ከመነኻሪያ በቀጥታ ነበር የገባሁት። የፈተና ማዕከሉ ልጅ ሰዓቴን፣ የጆሮ ጌጤንና ሻርፔን አስወልቃ ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ አነሣችኝ። «ወዴት ልይ?» ብዬ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ፎቶው ተነሣ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ማለፌን የሚናገር አንድ ወረቀት አትማ ሰጠችኝ፤ ፎቶዬም እላዩ ላይ አለ። ጸጉሬ በአንድ ወገን ቆሟል፣ ዓይኔ ፈጥጧል፣ አፌ ተከፍቷል። ማለፌን አይቼ አለቀስኩ፤ ፎቶውን አይቼ ደግሞ ሳቅሁ። ጥበቃው ውኃ አመጣልኝ።

ቤት ደርሼ ወረቀቱን ለአባቴ ስሰጠው የተማሪ ደብተር እንደሚያርም ሰው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ አነበበው። ከላይ እስከ ታች፣ ምንም ሳይዘል። ስህተት አላገኘም። ታች ካለው ደቃቅ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ለሦስት ዓመት ብቻ ያገለግላል ይላል።»

የፈራሁት መጣ። አዎ፣ ጊዜው ያልፋል አልኩት።

«እንደ መድኃኒት?»

«እንደ መድኃኒት።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና እፈተናለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ስለሚለወጥ፣ አሁንም የማውቅ መሆኔን ያያሉ።»

ዲግሪ ጊዜው አያልፍም እንደሚለኝ ጠብቄ መልሴን በልቤ ደርድሬ ነበር። እሱ ግን እስክሪብቶውን ከደነ።

«ሠላሳ አራት ዓመት አስተማርኩ» አለ። «አሁንም ታውቃለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።» ወረቀቱን በእጁ ለስለስ አድርጎ አቃናው። «መጠየቅ ነበረባቸው።»

አባቴን እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ አሳዘነኝም፣ ኮራሁበትም። እናቴ ራት ቀርቧል ብላ ገላገለችን።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ወረቀቱ በመስታወት ፍሬም ሆኖ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። አባቴ ጠዋት ፎቶ ቤት ወስዶት ኖሯል። የፎቶ ቤቱ ልጅ ፎቶዬን አይቶ አዝኖ፣ በኮምፒውተር ጋውን አልብሶ፣ አፌንም ዘግቶ፣ ሪባን የታሰረ ወረቀት ሊያስይዘኝ ጠይቆት ነበር። አባቴ የመለሰለትን ራሱ ነገረኝ፦ «ያልለበሰችውን አታልብሳት፤ እንዳለች ተዋት» አለው። አፌ ቢዘጋ ግን እኔ አልጠላም ነበር። ከፍሬሙ ሥር፣ በግድግዳው ቀለም ላይ፣ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን በቀይ ጽፎበታል።

አሁን ቢሮ ውስጥ ሣጥኑን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ባትሪውን ባለ ማስተርሱ ባልደረባዬ ይይዝልኛል። ፕሪንተሩ ግን የሁለታችንም ነው፤ እሱ የትምህርት ደረጃ አያይም። ቤት ደግሞ አዲስ ችግር መጥቶብኛል። አባቴ ከራት በፊት መጽሐፌን ገልጦ ከመሃል አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። የሚጠይቀው ምን እንደሆነ አያውቅም፤ መልሱ ከመጽሐፉ ኋላ ስላለ ግን ማምለጫ የለኝም።

ባለፈው ሰሞን አጎቴ ከተበላ መጥቶ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አየ። በሦስት ባለ ጋውኖች መካከል ያችን ጸጉሯ የቆመውን፣ ዓይኗ የፈጠጠውን አይቶ ደነገጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቺ ልጅ ታስራ ነበር እንዴ?» ሲል አባቴን ጠየቀው።

አባቴ ዞሮ ፎቶውን ልክ አሁን እንደተሰቀለ ሁሉ በደንብ ተመለከተው።

«አይ» አለ። «እነዚያ ጨርሰዋል። እሷ ገና እየተፈተነች ነው።»

ከዚያ ሰዓቱን አየና መጽሐፉን እንዳመጣለት ላከኝ።